ተመኘሁ እና ተሞኘሁ

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዓመት አልፎታል፤ ሰበብ አልደረድርልሽም፣ ብደረድርም አታምኚኝም። ጥያቄሽን ግን አልረሳሁትም። «በምተረጉመው መጽሐፍ ውስጥ ‹ኢዲየት› የሚል ቃል በየገጹ አለ፤ ሁሉንም ‹ደደብ› እያልኩ ብሄድ ምን ይለኛል?» ነበር ያልሽኝ። አጭሩ መልስ «አትሂጂ» ነው። ረጅሙን ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ከደደብ እንነሳ። ደደብ ፍርድ ነው፣ ይግባኝ የለውም። ሞኝነት በአንድ ነገር ላይ ይታያል፤ «እዚህ ላይ ሞኝ ሆንኩ» ይባላል፣ ነገ ይነቃል። «እዚህ ላይ ደደብ ሆንኩ» ግን ለጆሮ ይቆረቁራል፤ ደደብ የተባለ ሰው ጧትም ማታም ደደብ ነው። ልዩነቱን ለማየት ቃሉን ሦስት ቦታ ፈትኚው። መጀመሪያ «የኔ» የሚለውን ከፊቱ አስቀምጪ። «የኔ ሞኝ» እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ ትለዋለች፤ ሞኞ፣ ሞኚት እያሉ ማቆላመጥም አለ። «የኔ ደደብ» የሚል አፍቃሪ ካጋጠመሽ ሽሺው። ቀጥሎ ቃሉን ድገሚው። ሞኝ ሞኛሞኝ፣ ጅል ጅላጅል ይሆናል። በመሀል «ኣ» እያስገባን የምንደግምበት ይህ አሠራር ቅጠላቅጠል፣ ብረታብረት፣ ሥራሥር ያልንበት ነው፤ «የዚያ ዓይነት ነገር» ማለት ነው። ሞኛሞኝ እንግዲህ ሙሉ ሞኝ አይደለም፤ ሞኝ ሞኝ የሚለው ነው። «ደደባደብ» ግን በአማርኛ የለም፤ ደደብ ግማሽ የለውማ።

ሦስተኛው ፈተና ግሡን ማውጣት ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። ሞኝ «አሞኘ»ን ወልዷል፣ ጅል «አጃጃለ»ን። ተላላም ብታዪው ፊደላቱ ተ፣ ለ፣ ለ ናቸው፤ «አታለለ» ውስጥ ያሉት ሦስቱ። ከሞኝ፣ ከጅልና ከተላላ ጀርባ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ቆሟል ማለት ነው፤ አሞኚ፣ አጃጃይ፣ አታላይ። ከደደብ የሚወጣው «አደደበ» ግን ማንንም አላታለለም፤ አእምሮን አፈዘዘ ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ ከመተርጎምሽ በፊት የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ አለ፤ እዚህ ገጽ ላይ ይህን ሰው ያታለለው አለ ወይስ የለም? ካለ ደደብን እርሺው።

ሞኝን ትንሽ ላስረዝምልሽ፤ ከሁሉ ሰፊው ቃል እሱ ስለሆነ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እንላለን። ሞፈር ከቀንበሩ እስከ ማረሻው የሚደርሰው ረጅም እንጨት ነው፤ ለሞፈር የሚሆን ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም። ባለ ዛፉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲቆረጥበት ያያል፤ ዓይኑም አእምሮውም ደህና ነው፤ ያጣው «እምቢ» የምትለዋን ቃል ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ስንል ደግሞ ሞኙ ሌላ ነው፤ ይኼኛው ግትር ነው፣ የተነገረውን እንደ ቀለም አትሞ ይዞታል። «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» ስንል ሦስተኛ ሞኝ መጣ። እኔ እንደምረዳው አበባዬ ሆይ የመስከረም ነው፤ በየካቲትም በሰኔም እሱኑ የሚያንጎራጉር ሰው ጊዜ የማያውቅ ነው። አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ግትር፣ አንዱ ወቅቱን የሳተ፤ ሦስቱንም አንድ ቃል ችሏቸዋል። መዝገበ ቃላት «ሞኝ፦ ብልህ ያልሆነ» ብሎ ሲያልፍ የሚጥልብሽ ይህን ሁሉ ነው።

ጅል ይለያል። «ጅል አይሙት እንዲያጫውት» የተባለው ሰው ስለሚያስቅ ነው፤ ጅል ተመልካች ይፈልጋል፣ ሞኝ ግን ብቻውን በጨለማም ሞኝ ይሆናል። ቂል ከሁለቱ መካከል ነው፣ ወደ ልጅነት ያዘነብላል። እንከፍ ደግሞ ረጅም እግር ያለው፣ ዕቃ እየገጨ የሚሄድ ሰው ይመስለኛል፤ ይህ የጆሮዬ ስሜት ነው፣ ለመዝገበ ቃላት አትውሰጂው። ገልቱ ከቤት ሥራ ወጥቶ አያውቅም፤ እጇ የማይረባ፣ ያረረውንና የጨው አልባውን ወጥ አቅርባ የማይደንቃት ሴት ናት፤ ለወንድ ሲባል እምብዛም አይሰማም፣ ይህም ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

አጻጻፉ ላይ የምትጠነቀቂው አለሽ። «አሞኘኝ» ሲጻፍ መጀመሪያ «ኘ»፣ ቀጥሎ «ኝ» ነው፤ «አሞኝኝ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፣ ስህተት ነው። የባሰው ግን «ተሞኘሁ» እና «ተመኘሁ» ናቸው። አንዱ ተታለልኩ፣ ሌላው ፈለግሁ ማለት ሲሆን፣ ያለያያቸው የአንዲት ፊደል ቅርጽ ናት፤ መ እና ሞ። ሁለቱም ግስ አንድ ዓይነት ይረባል፤ ተመኝቶ፣ ተሞኝቶ፤ ልመኝ፣ ልሞኝ። የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ደግሞ ሁለቱንም ትክክል ስለሚላቸው አያስጠነቅቅሽም። «እሱን ተሞኘሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በረቂቅሽ ካገኘሽ ስሕተቱ የአንቺ ጣት ነው፤ ተመኘ «ን» ያለው ተሳቢ ይፈልጋል፣ ተሞኘ ግን «በእሱ ተሞኘሁ» ነው የሚለው። መስተዋድዱን ብቻ እየተከተልሽ ማረም ትችያለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ ልምጣ። አንባቢሽ መጽሐፍ ቅዱስ የሰማ ሰው ነው፣ ስለዚህ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል በሁለት ጆሮ ይሰማዋል። በ1954 ዓ.ም. ዕትም መዝሙር 14 «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ብሎ ይጀምራል። ዛሬ ሰነፍ ማለት ሥራ የማይወድ ነው፤ ሥራ አለመውደድና አምላክን መካድ ግን ምን አገናኛቸው? ግዕዙን ክፈቺ፣ በእሱ ቆጠራ 13ኛው መዝሙር ነው፤ «ይብል አብድ በልቡ» ይላል። አብድ በግዕዝ አስተዋይነት የጎደለው ሰው ነው፤ በአማርኛ ቃሉ ወደ «እብድ» ሄዶ በሽታ ሆኗል፣ ተርጓሚዎቹም ቦታውን ለ«ሰነፍ» ሰጡት። ማለትም በዚያ ዕትም ሰነፍ ማለት ሞኝ ነው። ማስረጃ ትፈልጊ እንደሆነ ማቴዎስ 7 ላይ ቤቱን በአሸዋ ላይ የሠራውን «ሰነፍ ሰው» ተመልከቺ። ሰውየው ቤት ሠርቷል እኮ! ሉቃስ 12 ላይ «አንተ ሰነፍ» የተባለው ባለጠጋ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ያቅድ የነበረ ሰው ነው። ሥራ ለሚጠላው ተርጓሚዎቹ ሌላ ቃል ነበራቸው፤ ወደ ገብረ ጉንዳን የተላከው «ታካች» ነው፣ መክሊቱን የቀበረው ባሪያ «ሃኬተኛ» ነው። የአሥሩን ቆነጃጅት ምሳሌ የሚሰብኩ ሰዎች «አምስቱ ሰነፎች» የሚለውን ይዘው ስለ ስንፍና ሲያስተምሩ ትሰሚያለሽ፤ ልጃገረዶቹ ግን መብራታቸውን ይዘው ወጥተዋል፣ የረሱት ዘይቱን ነው።

የድሮው ትርጉም ጨርሶ አልሞተም። «ሰነፍ ተማሪ» ስንል የማያጠናውን ብቻ ሳይሆን የማይገባውንም ማለታችን ነው፣ ተቃራኒውም ጎበዝ ነው። ጎበዝ ደግሞ በፊት ብርቱ ወጣት ነበር፣ ዛሬ ፈተና የሚያልፍ ልጅ ሆኗል። ሁለቱ ቃላት ከሜዳ ወደ ክፍል ተያይዘው ገቡ።

ማቴዎስ 5 ላይ ሌላ ነገር ታገኛለሽ። ወንድሙን «ጨርቃም» የሚል የሸንጎ ፍርድ፣ «ደንቆሮ» የሚል የገሃነመ እሳት ፍርድ ይገባዋል ይላል። እዚህ ደንቆሮ የተባለው በግሪኩ ሞሮስ ነው፤ ያው ሞሮስ በምዕራፍ 25 የቆነጃጅቱ ጊዜ «ሰነፎች» ተብሏል። አንድ ወንጌል፣ አንድ የግሪክ ቃል፣ ሁለት አማርኛ። ተርጓሚዎቹ ተሳስተዋል አልልም፤ ስድብ ሲሆን የሚያቆስል ቃል፣ ትረካ ሲሆን የሚገልጽ ቃል መረጡ። አንቺም ያንኑ ነው የምታደርጊው። «በየገጹ አንድ ዓይነት ቃል ካልሆነ ወጥ አይሆንም» የሚልሽ አርታኢ ቢኖር ይህን አሳዪው። በነገራችን ላይ ሞሮስና ሞኝ በድምፅ ስለሚቀራረቡ ዘመድ ናቸው የሚል ሰው ብታገኚ አትስሚው፤ መዝገበ ቃላት ያስፈልገዋል።

ተቃራኒውም ይረዳሻል። በዚያ ዕትም የሰነፍ ተቃራኒ «ልባም» ነው፤ በእኛ ቋንቋ አእምሮ የሚቀመጠው ደረት ውስጥ ነውና። ልብ በይ፣ ልብ ገዛ፣ ልብ አላልኩም። ስለዚህ «ልበ ቢስ» ጨካኝ አይደለም፤ የሚረሳ፣ የሚዘነጋ፣ ነገር የማያስተውል ሰው ነው። ልብ የሌለውን ጨካኝ ለማለት ልበ ቢስ ብለሽ ብትጽፊ አንባቢሽ ቁልፉን ቤት ረስቶ የወጣ ሰው ይታየዋል።

ኢዲየት ራሱስ? ከግሪኩ ኢድዮስ፣ «የራስ፣ የግል» ከሚለው ይመጣል። በአቴንስ ኢድዮቴስ የሕዝብ ሥልጣን ያልያዘ፣ የግል ኑሮውን የሚኖር ሰው ነው፤ ቀጥሎ በሙያው ያልሠለጠነ ሰው ማለት ሆነ፣ ሮማውያን ሲወስዱት ያልተማረ ሆነ፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲደርስ አእምሮ የጎደለው ሆነ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ጴጥሮስና ዮሐንስ በሸንጎው ፊት ሲናገሩ ሰሚዎቹ የተደነቁት ሰዎቹ «መጽሐፍን የማያውቁና ያልተማሩ» ስለሆኑ ነው፤ «ያልተማሩ» የተባለው ቦታ ላይ ግሪኩ ኢድዮታይ ነው። የአንቺን ቃል አማርኛ ፊት ለፊት አግኝቶታል ማለት ነው፣ ደደብ አላለውም።

ከዚህ ወዲያ ያለው ደስ ይላል። መሃይም የምንለው ቃል የሃይማኖት ዘመድ ነው፤ ግዕዙ መሀይምን አማኝ፣ ምእመን ማለት ነው። ምእመኑ ካህን ያልሆነው ነው፣ ካህን ያልሆነው ፊደል ያልቆጠረው ነው፣ ፊደል ያልቆጠረው መሃይም ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ጠላቱ መሃይምነት ተባለ፤ አማኝ የነበረው ቃል እንዲህ ሆኖ ቀረ። ፈረንሳዮችም ክሬተን የሚሉት ስድብ ከአልፕስ ተራሮች ቀበልኛ የመጣ ነው፣ «ክርስቲያን» ከሚለው ቃል፤ አዮዲን ባነሰበት በዚያ አገር እንቅርትና የአእምሮ ዝግመት ያለባቸውን ሰዎች «እነሱም እንደኛ ሰዎች ናቸው» ለማለት በርኅራኄ የተሰጠ ስም ነበር። ርኅራኄው አለቀ፣ ስሙ ቀረ። አንድ ቃል ብቻ በተቃራኒው መንገድ ሄዷል። ጨዋ በቤተ ክህነት አነጋገር ያልተማረው፣ ካህን ያልሆነው ሰው ነው፤ ልክ እንደ ኢድዮቴስ። ግሪኩ ወርዶ ስድብ ሲሆን የእኛው ወጥቶ «ጨዋ ልጅ» ሆነ። ለምን እንደሆነ ብትጠይቂኝ፣ ጨዋ ከቤተ ክህነት ውጭ የወታደርና የመኳንንት ስምም ስለነበረ ይመስለኛል፤ ክብሩን ከዚያ ተበደረ።

የዋህም ግማሽ መንገድ ወርዷል። «የዋሆች ብፁዓን ናቸው» ምስጋና ነው። «የዋህ ነው፣ ምን ይደረግ» ብሎ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ግን እያመሰገነ አይደለም። ገራገርም እንዲሁ፤ ገር ከገር በዚያችው «ኣ» ተጋብተው የወጡ ናቸው። ዋና ገጸ ባሕሪሽ ክፋት የማያውቅ ሰው ከሆነ፣ ሌሎች ኢዲየት ሲሉት አንቺ በትረካው ገራገር በዪው፣ በንግግር ውስጥ ደግሞ ሞኝ ይበሉት።

ከዕቃና ከአካል የተወሰዱትን በችኮላ ላሳልፋቸው። ደነዝ የቢላ ስም ነው፣ ስለቱ የሄደ፤ ዶልዱምም ያው። ደነዝ ቢላ በሞረድ ይሳላል፣ ስለዚህ ደነዝ ከደደብ ይሻላል፣ ተስፋ አለው። ፈዛዛ የመብራትና የቀለም ነው። ደንቆሮ የጆሮ ነው፤ «በጩኸት አደነቆረኝ» ስንል ያው ነው፤ ግን መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባሉበት ገጽ ላይ እንደ ስድብ አትጠቀሚበት፣ ያቆስላል።

አንድ ቦታ ግን ኢዲየት መተርጎም የለበትም። ከ100 ዓመት በፊት ባለው የሐኪሞች ሰነድ ውስጥ ስድብ ሳይሆን ደረጃ ነው፤ አእምሯቸው ከ3 ዓመት ልጅ በታች ለተባሉት ኢዲየት፣ ከ3 እስከ 7 ኢምቤሲል፣ ከ8 እስከ 12 ሞሮን። ሦስተኛውን ስም እ.ኤ.አ. በ1910 የፈጠረው አሜሪካዊው ሄንሪ ጎዳርድ ነው፣ ከዚያው ከሞሮስ ወስዶ። እዚያ ሦስቱንም በእኛ ፊደል እንዳሉ ጻፊና አንድ ጊዜ አብራሪ፤ ጅል፣ ቂል፣ ሞኝ ብለሽ ብትደረድሪያቸው አንባቢ ይስቃል፣ ሰነዱ ግን የሚያስቅ አይደለም። በዛሬ ሐኪም አፍ ከሆነ ደግሞ «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» ነው፤ «ዘገምተኛ»ም በጊዜው ጨዋ ቃል ነበር፣ አሁን ስድብ ሆኗል።

ለከተማ ወጣቶች ንግግር ፋራን እንዳትረሺ። ፋራ አእምሮ አልጎደለውም፤ የጎደለው ከተማው ነው። ሦስት ዲግሪ ያለው ሰው ፋራ ሊሆን ይችላል፣ ከጊዮርጊስ በታች ጫማ የሚጠርገው ልጅ አይሆንም። ተቃራኒው አራዳ ነውና፤ አራዳ ደግሞ ሰፈር ነው፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የምኒልክ ዘመን ገበያ። ጣልያን ገበያውን ወደ መርካቶ ወሰደው፣ ለቦታው ፒያሳ የሚል ስም ጥሎ ሄደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያ ሰፈርና ዙሪያው ፈረሰ። አንቺ የምታውቂው ፒያሳ የለም። «አራዳ ነው» የሚለው ግን አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ዛሬም ይሰማል፣ አራዳን አይቶ በማያውቅ ልጅ አፍ። ጫማ ሻጩ ዋጋ ሲቆልል ገዢው «ሞኝህን ፈልግ» ብሎት ይሄዳል፤ ይህችን ለንግግር ክፍሎችሽ ያዢያት፣ «እኔን አታታልለኝም» ከማለት ትሻላለች።

የኤፕሪል ዘ ፉሉን ምዕራፍ ደግሞ ቀኑን በእኛ መጋቢት 23 ብለሽ አስቀምጪው። «የፉል ቀን» ብለሽ ብትተረጉሚው ግን ሰው ዳቦና ቃሪያ ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች ላኪልኝ፤ ኢዲየት ያለበትን ሁሉ በእርሳስ ክበቢና ከጎኑ «አታላይ አለ» ወይም «የለም» ብለሽ ብቻ ጻፊ። ቃሉን አብረን እንመርጣለን። መልስ ለመጻፍ ግን እንደኔ ዓመት አትጠብቂ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም።

ያንቺው